ቃፊር፣ ነጭ ለባሽ፣ ሚሊሺያ፦ የተጠባባቂው ቃኚ ጦር ታሪክ በጅጅጋ ሜዳ

1. ሜዳው የጠየቀው

ከጅጅጋ ተነስቶ ወደ ደገሃቡር የሚያቀና መንገደኛ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ቀብሪበያን ያገኛል። የካራማራ ተራራ ከኋላው ቀርቷል፤ ከፊቱ ያለው ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዛፉ ጥቂት ነው። ወንዞቹ ዝናብ ሲጥል ብቻ ይፈሳሉ፤ ውሃ የሚገኘው በጉድጓድና ነዋሪው ቢርካ በሚለው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው አየሩ ለዘብ ያለ፣ ሣሩም ዝናብ ባልነፈገው ዓመት ለፈረስም ለግመልም የሚበቃ ነው። ከዘይላና ከበርበራ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴም፣ ከሐውድ ግጦሽ የሚመለሰው ከብት አርቢም፣ ጦር ይዞ የሚመጣውም ማለፊያው ይኸው ሜዳ ነበር።

በዚህ ስፍራ ጦር ያሰማራ ሁሉ ሁለት ችግር ጠብቆታል። አንደኛው የማየት ችግር ነው። በሜዳው ላይ አቧራ ከሩቅ ይታያል፤ አቧራውን ያስነሳው መንጋ ይሁን፣ ነፋስ ይሁን፣ ፈረሰኛ ይሁን ግን ቀርበው ካላዩት አይታወቅም። ሁለተኛው የማኖር ችግር ነው። እህልና ውሃ በማይተርፍበት አገር ብዙ ሺህ ወታደር ዓመቱን ሙሉ አስፍሮ መቀለብ አይቻልም። ለመጀመሪያው ችግር የተገኘው መላ ጥቂት ፈጣን ሰዎችን አስቀድሞ ልኮ ማስቃኘት ነው። ለሁለተኛው ደግሞ ብዙውን ሰው በእርሻውና በከብቱ ዘንድ ትቶ ሲያስፈልግ ብቻ መጥራት ነው።

በአንዳንድ አገሮች ሠራዊት ውስጥ እነዚህ ሁለት መላዎች በአንድ ተቋም ተጣምረው ተጠባባቂ ቀላል ፈረሰኛ ቃኚ ሬጅመንት የሚባል ክፍል ፈጥረዋል። በኢትዮጵያ ተቋሙ በአንድ ስምና ባልተቋረጠ መስመር አልኖረም። ሥራው ግን በየዘመኑ ስሙን እየለወጠ፣ ቃፊር፣ ነጭ ለባሽ፣ ብሔራዊ ጦር፣ ሚሊሺያ እየተባለ ቆይቷል። ከስሞቹ በታች ያለው ውል አንድ ነው። መንግሥት ደመወዝ ይቆጥባል፤ ሰውየው ጊዜውን፣ እንስሳውንና የአገሩን ዕውቀት ይሰጣል፤ በምላሹ መሬት፣ ጠመንጃ፣ የግብር ምሕረት ወይም ማዕረግ ያገኛል። ውሉ ሚዛኑን ሲጠብቅ ጦሩ ዓይን ይኖረዋል። ውሉ ሲጓደል ሰውየው ያያል፣ ያየውን ግን አይናገርም።

2. ክተትና ቃፊር

በቀድሞው ሥርዓት ቋሚ ሠራዊቱ ትንሽ፣ ተጠሪው ብዙ ነበር። በንጉሡና በየመኳንንቱ ግቢ የሚያድር ዘበኛና ባለደመወዝ ወታደር ቢኖርም፣ የዘመቻው ብዛት የሚመጣው ነጋሪት ተጎስሞ ክተት ሲታወጅ ነው። ገበሬው መሣሪያውንና ስንቁን ይዞ፣ የቻለ በቅሎና ፈረሱን ጭኖ፣ በአለቃው ሥር ይሰለፋል። ስንቁ የራሱ ስለሆነ የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ዘመቻ ከመኸር በኋላ ይጀመራል፤ ክረምት ሳይገባም መመለስ ይኖርበታል። ለአገልግሎቱ የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በመሬት ነበር፦ በርስቱ ላይ የነበረበት ግዴታ ይቀልለታል፣ ወይም ማደሪያ ይሰጠዋል።

የማዕረግ ስሞቹ ራሳቸው የሰልፉን ቅርጽ ይናገራሉ። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጀን ከኋላ። ጦሩ ሲሰፍርም ድንኳኖቹ ይህንኑ ሥርዓት ተከትለው ስለሚተከሉ፣ ሌሊት ቢደነግጥ እንኳ እያንዳንዱ ወታደር ወደየት እንደሚሰለፍ ያውቃል። ከፊታውራሪውም ቀድሞ የሚሄደው ቃፊር ነው። ቃፊሩ የጠላትን ጠባቂ ፈልጎ ያገኛል፣ ውሃና መሻገሪያ ይመርጣል፣ ሌሊት ከሰፈሩ ርቆ ይጠብቃል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በአብዛኛው ቀላል ፈረሰኛ ነበር፦ ጋሻና ጦር፣ በኋላም ጠመንጃ የያዘ፣ በባዶ እግሩ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ በትንሿ የእርካብ ቀለበት አስገብቶ የሚጋልብ። ከባድ ጫማም ከባድ ኮርቻም ስላልነበረው ፈረሱ ብዙ አይደክምም፤ ሰውየውም በቅጽበት ወርዶ በእግሩ ይዋጋል።

ፈረስ የክብር መለኪያም ነበር። የጦር አለቆች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የኦሮሞ ፈረሰኞች ድርሻ ጎልቶ የሚነገረው፣ የተሸነፈውን የኢጣሊያ ጦር እግር በእግር ለማሳደድ ፍጥነት ያለው ኃይል እነሱ ስለነበሩ ነው። ከድል በኋላ ማሳደድ የዚህ ዓይነቱ ጦር ሁለተኛ ሙያው ነው። ቀድሞ ያየው መንገድ ነውና የሸሸ ጠላት የት ውሃ እንደሚፈልግ ያውቃል።

3. ከሐረር እስከ ጅጅጋ፦ የጠረፉ ጦር

ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ የመንግሥቱ የምሥራቅ ጠረፍ ወደ ሜዳው ወረደ። በ1885 ዓ.ም. በጅጅጋ በኩል ያለፈ የእንግሊዝ መኮንን ያገኘው በጉድጓዶች አጠገብ በእንጨት አጥር የተከበበ ምሽግና 25 ሰዎች የሚጠብቁት ሰፈር ነበር። ይህ ቁጥር የሥራውን ባሕርይ ያሳያል። ሃያ አምስት ሰው ጦርነት አይዋጋም፤ የሚችለው ጉድጓዱን ጠብቆ ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለውን ወደ ሐረር መላክ ነው። ዋናው ጦር ከጥሪ በኋላ ከደጋ ይወርዳል።

ይሁንና ውሉ በሁለቱም ወገን እኩል አልነበረም። ከደጋ የመጣው ወታደር ማደሪያና ማዕረግ ሲጠብቅ፣ በሜዳው የሚኖረው የሶማሌ አርብቶ አደር ከጦሩ ጋር የሚተዋወቀው ባብዛኛው ለግብርና ለስንቅ በሚወሰድበት ከብት ነበር። በዚያ ዘመን ወደ ኦጋዴን የወረዱት ዘመቻዎች ከብት እየነዱ መመለሳቸው ቂም አትርፏል። ሜዳውን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው ለጦሩ ዓይን ሊሆን የሚችልበት መንገድ ገና ከጅምሩ ጠበበ።

ያ ቂም በ1892 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ ፈነዳ። የሶማሌው የሃይማኖት መሪ የሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን የደርቪሽ ጦር የጅጅጋን ምሽግ አጠቃ። ጥቃቱ በብዙ ጉዳት ቢመለስም፣ በፈረስና በግመል ፈጥኖ የሚሰበሰብና ፈጥኖ የሚበተን ኃይል በሜዳው ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ታየ። ደርቪሾቹ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ተዋግተዋል። ረጅም ዕድሜ የሰጣቸው አንዱ ነገር ተዋጊውም፣ ቃኚውም፣ ስንቅ አቅራቢውም የዚያው አገር ሰው መሆኑ ነው።

ጅጅጋ ከምሽግ ወደ ከተማ የተለወጠችው በ1908 ዓ.ም. ገደማ፣ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አስተዳደር ነው። መንገዶቿ በቀጥተኛ መስመር ተቀየሱ። ጦሩም ከዚያ ወዲህ ከጉድጓድ ጥበቃ ባሻገር ገበያ፣ ኬላና አስተዳደር የሚጠብቅ ሆነ።

4. የጎረቤቶቹ መልክ

ከድንበሩ ማዶም ያው ጥያቄ ነበር፤ መልሱ ግን ሌላ መልክ ያዘ። እንግሊዞች በሶማሌላንድ እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ 150 የሚሆኑ ሶማሌዎችን በግመል ላይ አስቀምጠው አንድ የጠረፍ ፖሊስ አቋቋሙ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1913፣ ይህ ትንሽ ኃይል ዱል ማዶባ በተባለ ስፍራ ከደርቪሾች ጋር ገጥሞ ክፉኛ ተጎዳ፤ አዛዡም ሞተ። የተላከው እንዲያይና እንዲመለስ ነበር፤ ቆሞ ሲዋጋ ጠፋ። ከዚያ ሶማሌላንድ ካሜል ኮር በሚል ስም እንደገና ሲደራጅ፣ ግመልና ፈረስ የያዙ ክፍሎች ጎን ለጎን ቆሙ። ሁለቱን ማጣመሩ ምክንያት ነበረው፦ ፈረስ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን በሞቃት አገር በቀን 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ይጠይቃል፤ ግመል ቀርፋፋ ነው፣ ያለ ውሃ ግን ብዙ ቀን ይከርማል። ፈረስ ለመቅረብ፣ ግመል ለመቆየት ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች የደርቪሾችን ምሽግ ሲደበድቡ ሸሽተው የወጡትን ያሳደደው ይኸው ካሜል ኮር ነበር።

ኢጣሊያኖች በበኩላቸው በደቡቡ ሶማሊያ ዱባት የሚባሉ ነጭ ጥምጥም የሚያስሩ የጠረፍ ተዋጊዎችን አሰለፉ። ወልወል ላይ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በተነሳው ግጭት በኢጣሊያ ወገን የተሰለፉት እነዚህ ናቸው። የግጭቱ ምክንያትም ጉድጓድ ነበር፤ በኦጋዴን ውሃ የያዘ አገር ይይዛል።

የተቋሙን ጥንታዊ የአውሮፓ መልክ ለማየት ደግሞ ወደ እንግሊዝ አገር ራሱ መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1794 ከፈረንሳይ ወረራ ይመጣል በሚል ስጋት ዮማንሪ የሚባል የፈረሰኛ ፈቃደኛ ጦር ተቋቋመ። ባለ ፈረሱ ገበሬና ባላባት በየአውራጃው ተደራጅቶ፣ በሰላም ጊዜ ሥራውን እየሠራ፣ ዓመታዊ ልምምድ እያደረገ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1908 በተደረገ ማሻሻያ ዮማንሪው ከሌሎች ፈቃደኞች ጋር በአንድ ሕግና በአንድ በጀት ሥር ገባ። የኢትዮጵያው ገበሬ ጦርና የእንግሊዙ ዮማንሪ መነሻቸው ይመሳሰላል፤ ሁለቱም የሰውየውን ፈረስና ጊዜ ይጠቀማሉ። የተለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። የአንዱ ውል በወረቀት ሰፈረ፣ የሌላው ውል በመሬት ሥርዓቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የመሬት ሥርዓቱ ሲፈርስ ውሉም አብሮት ፈረሰ።

5. ሞተርና አውሮፕላን ሜዳው ላይ ሲደርሱ

የ1928 ዓ.ም. ጦርነት ፈረሰኛ ቃኚውን ከሁለት አቅጣጫ ፈተነው። ኢጣሊያኖች ከሰማይ ያያሉ፣ በምድርም በመኪና ይመጣሉ። በኦጋዴን ግንባር ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ጅጅጋንና ደገሃቡርን ይዘው ሲከላከሉ፣ የሚመሩት ጦር አብዛኛው የክተት ጦር ነበር። ያም ሆኖ በኅዳር 1928 ሐማንሌይ ላይ የኢትዮጵያ ጦር በመንገድ ተከትሎ የመጣውን የኢጣሊያ ተሽከርካሪ ኃይል በደፈጣ መትቶ የተወሰኑ ብረት ለበሶችን ማርኳል። ብረት ለበሱ ከእግረኛ ይፈጥናል፣ ነገር ግን በሚያስኬደው መሬት ላይ ብቻ ነው የሚሄደው፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ያንን መሬት አስቀድሞ ይለየዋል። ድሉ ግን ግንባሩን አላዳነም። በሚያዝያ መጨረሻ 1928 ጅጅጋ ወደቀች።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ያው መንገድ በዚያው አቅጣጫ እንደገና ተሄደበት፤ አሁን ግን በኢጣሊያኖች ላይ። የእንግሊዝ ጦር አካል የነበረው የናይጄሪያ ብርጌድ ከሞቃዲሾ ተነስቶ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ገስግሶ፣ ደገሃቡርን አልፎ፣ በ17 ቀን ገደማ፣ መጋቢት 8 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅጅጋ ገባ። ከደገሃቡር ወደ ጅጅጋ የሚወጣው መንገድ ቀብሪበያን የሚነካው ነው። እዚህ ላይ በፈረስ ዘመን ሳምንታት የሚፈጀው ርቀት በመኪና የቀናት ጉዳይ ሆነ። ጦሩ ትልቅ ውጊያ የገጠመው ሜዳው ላይ አልነበረም፤ ካራማራ ላይ፣ ማርዳ በር በሚባለው መተላለፊያ ነው። ሜዳው ለሚያይ ሰው፣ ተራራው ለሚጠብቅ ሰው ያደላል። ይህ ነገር በ1970 ዓ.ም. እንደገና ይመጣል።

6. ክፍለ ጦርና ነጭ ለባሽ

ከድል በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመኳንንቱን የግል ጦር እያስቀረ ማዕከላዊ ሠራዊት ገነባ። እስከ 1943 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን፣ ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አሜሪካኖች አሠለጠኑ። ኦጋዴንና ጅጅጋ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ቆይተው በ1941 ዓ.ም. መግቢያ፣ ሐውድና የተከለለው ክልል የሚባለው አካባቢ ደግሞ በየካቲት 1947 ለኢትዮጵያ ተመለሱ። ሠራዊቱ በአራት ክፍለ ጦር ሲዋቀር ምሥራቁ የ3ኛ ክፍለ ጦር ድርሻ ሆነ። ማዘዣው ሐረር፣ የፊት ለፊት ሰፈሩ ጅጅጋ ነበር። ከሜካናይዝድ ክፍሎቹ አንዱ 10ኛው ብርጌድ ጅጅጋ ላይ ተቀመጠ። ቅኝት አሁን የፈረስ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የቀላል ብረት ለበስ፣ የሬዲዮና የአውሮፕላን ሥራ ሆነ። በካራማራ አናት ላይ የተተከለው የአየር ኃይል ራዳር ከድንበሩ ማዶ የሚነሳውን አውሮፕላን ያያል።

ተጠባባቂው ኃይል በዚያው ጊዜ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ። ነጭ ለባሽ የሚባለው የገጠር ታጣቂ በየወረዳው ሽፍታ ማሳደድ፣ እስረኛ ማጀብ፣ መንገድ መጠበቅ ሥራው ሆነ። የዘመቻ ልብስ ስለማይሰጠው በነጭ ጥበቡ ይዘምታል፤ ጠመንጃው ብዙውን ጊዜ የራሱ ነው። ከነጭ ለባሹ በላይ ብሔራዊ ጦር የሚባል የተጠባባቂ አደረጃጀት ቆመ። ለስልጠና የሚሰጠው ጊዜም ሆነ መሣሪያ ግን ከመደበኛው ሠራዊት ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው የጥንቱ ጥምረት የተለያየው። የማየቱ ሥራ ወደ ባለሙያው ክፍለ ጦር ሄደ፣ የመጠባበቁ ሥራ ለገጠሩ ሰው ቀረ። በጥር መጨረሻና በየካቲት 1956 ዓ.ም. ከአዲሲቱ ሶማሊያ ጋር በቶግ ውጫሌና በአካባቢው ውጊያ ሲነሳ የተዋጋው በዋናነት 3ኛው ክፍለ ጦር ነው። ተኩሱ በሱዳን አደራዳሪነት ቆመ። ውጊያው ሠራዊቱ ጠንካራ መሆኑን ቢያሳይም አንድ ክፍተት ሸፍኖ አለፈ፦ በሜዳው ላይ ከጦሩ ቀድሞ የሚያይ፣ ከሕዝቡ የወጣና ለመንግሥት የሚናገር ሰው አልተደራጀም ነበር። በሌላ ወገን ምዕራብ ሶማሊያን ነፃ አውጪ የሚለው እንቅስቃሴ ይህንን ቦታ ለራሱ ያዘው።

7. ታጠቅና ካራማራ

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ደርግ ወደ አሮጌው መላ ተመለሰ። ሚያዝያ 4 ቀን የእናት አገር ጥሪ ታወጀ፤ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰባሰበው ገበሬ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በታጠቅ የጦር ሰፈር ሰለጠነ። ሰኔ 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ሚሊሺያው በአብዮት አደባባይ በሰልፍ ታየ። ክተት ነበር፣ ነገር ግን ከመሬት ማደሪያ የተላቀቀ ክተት። የመሬቱ ጉዳይ በ1967ቱ አዋጅ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበርና ዘማቹ ያገኘው ምላሽ "መሬትህን ጠብቅ" የሚል ነው።

ሚሊሺያው ገና በወጉ ሳይደራጅ ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገባ። ጎዴ፣ ቀብሪደሃር፣ ደገሃቡር በቀናት ልዩነት ወደቁ። ቀብሪበያም በዚያው መስመር ላይ ናት። በመስከረም 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅጅጋ ወደቀች፣ ካራማራም ተከተለች። የራዳሩ ዓይን ጠፋ። በጅጅጋ የነበረው የሜካናይዝድ ኃይል ውስጥ የተነሳው መከፋፈልም ለመውደቁ አንዱ ምክንያት ሆኗል። አጥቂው ጦር ግን አንድ ብልጫ ነበረው፦ ከመደበኛው ጦር ቀድሞ የሚገባው አማፂ አገሩን፣ ጉድጓዱንና ሰዉን ያውቅ ነበር። ተጠባባቂና ቃኚ በአንድ ሰው የተጣመሩት በዚያ በኩል ነው።

መልሶ ማጥቃቱ ሲመጣ በኩባ ወታደሮችና በሶቪየት አማካሪዎች የታገዘው የኢትዮጵያ ጦር ካራማራን ፊት ለፊት ከመግፋት ይልቅ በሰሜኑ ተራሮች በኩል ዞረ። ሄሊኮፕተሮች ሰውና ቀላል ብረት ለበስ እያነሱ ከተራራው ማዶ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። ከመደበኛው ሠራዊት ጎን የሚሊሺያ ብርጌዶች በውጊያው ውስጥ ነበሩ። ቀኑ የካራማራ ድል ተብሎ ይታወሳል። ለተቋሙ ታሪክ የሚተርፈው ትምህርት ሁለት ነው፦ ስልጠና ያገኘ ተጠባባቂ ከመደበኛው ጦር ጎን መሰለፍ ይችላል፤ ቅኝትም መተላለፊያ በር ላይ ከመቆም መንገድ ፈልጎ መዞርን ያስገኛል።

8. ተጠባባቂነት በሕግ

ሚሊሺያው የጥድፊያ ልጅ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ነገሩን በሕግ ለማስቀመጥ ሞከረ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወንድ ስድስት ወር ይሰለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት ይመዘገባል። በወረቀት ላይ የመደበኛውም የተጠባባቂውም ግዴታ በግልጽ ተለይቷል። በተግባር ግን በሰሜን የነበረው ጦርነት ወጣቱን እንደ ወንፊት ስላፈሰሰው ተጠባባቂ የሚባለው ሰው ከመጠባበቅ ይልቅ በግንባር ቆየ። በየቀበሌው የሚደረገው አፈሳ ደግሞ ውሉን ከነጭራሹ አጠፋው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ተይዞ የመጣ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ 450 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተሐድሶ እየተሰጠው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ሁሉ የሰለጠነ ሰው የሚመዘገብበት፣ በዓመት አንዴ የሚጠራበት፣ ሙያውን የሚያድስበት ሥርዓት አልተዘረጋለትም። ሆኖም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተጠርተው ተመልሰዋል፤ ታንከኛው፣ መድፈኛው፣ አብራሪው ሙያውን ይዞ መጣ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተጀመረው ጦርነትም የቀድሞ መኮንኖች እንደገና ተጠርተዋል። አገሪቱ ተጠባባቂ ጦር ሳታደራጅ ተጠባባቂ ጦር ስትጠራ ኖራለች። ጥሪው የሚሳካው በግለሰቡ ፈቃድ ነው፤ ተቋሙ ያዘጋጀው ነገር የለም።

9. ተቋሙ ሲሟላ እንዴት ይሠራል?

ዮማንሪው ዛሬ ይህ ዓይነት ተቋም ሙሉ ሆኖ የሚታይበት ምሳሌ ነው። ሮያል ዮማንሪን የመሰሉ ሬጅመንቶች ፈረሱን በመኪና ቢለውጡም ሥራቸው አሁንም ቀላል ፈረሰኛ ይባላል። ሬጅመንቱ በሻምበል ደረጃ ያሉ ክፍሎች አሉት፤ ክፍሎቹ በተለያየ ከተማ ተበትነው ከአባላቱ ቤት ይቀርባሉ። ሻምበሉ በትናንሽ ጓዶች ይከፈላል፤ ጓዱ ጥቂት ቀላል መኪኖች ይይዛል። በእያንዳንዱ መኪና አዛዥ፣ ሹፌርና ተኳሽ አሉ። አባሉ በሳምንቱ ውስጥ መምህር፣ መካኒክ ወይም ነርስ ሆኖ ይውላል። አንድ ምሽት ልምምድ አለው፣ አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ሜዳ ይወጣል፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ያህል ካምፕ ይገባል። ዓመታዊ ግዴታው 27 ቀን ገደማ ነው፤ ያንን ያሟላና ፈተናውን ያለፈ ከቀን አበሉ ሌላ ዓመታዊ ጉርሻ ያገኛል። በሥራ ቦታው ላይ የሚጠብቀው ሕግም አለ፤ ሲጠራ ሄዶ ሲመለስ ወንበሩን ያገኛል።

ሥራው ከሽጉጥ ይልቅ ዓይንና ምላስ ይፈልጋል። የቃኚ ጓድ ጎህ ሳይቀድ ቦታውን ይይዛል። ሞተሩን ከኮረብታው ጀርባ አጥፍቶ ሁለት ሰው በደረታቸው እየተሳቡ ወደ አናቱ ይወጣሉ፤ ከሰማይ ጋር ተነጥሎ የሚታይ ራስ ስለሚያሳብቅ ከአናቱ በታች ይቆማሉ። መነጽራቸው ፀሐይን እንዳያንጸባርቅ ይሸፍናሉ። አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል፤ ዓይን ስለሚደክም ይፈራረቃሉ። በሬዲዮ የሚላከው ነገር ስድስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ስንት ናቸው? ምን እያደረጉ ነው? የት ናቸው? የማን ወገን ናቸው? መቼ ታዩ? ምን ይዘዋል? ግምት ካለ ግምት መሆኑ ይነገራል። ከተኮሱ ቦታቸው ስለሚታወቅ፣ መዋጋት የሚመጣው ማምለጥ ሳይቻል ሲቀር ነው። ዱል ማዶባ ላይ የጠፋው ይህ ሥነ ሥርዓት ነበር።

ይህ ሁሉ የተጠባባቂ ሰው ሥራ ሊሆን የሚችለው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። መሣሪያው በጥቂት ቀን ልምምድ የሚያዝ መሆን አለበት፤ ለዚህ ነው ቀላል መኪና ለተጠባባቂ፣ ከባድ ታንክ ለመደበኛው ወታደር የሚያደላው። ሰውየውም ከሲቪል ኑሮው የሚያመጣው ዕውቀት ለሥራው መጥቀም አለበት። በቀብሪበያ አካባቢ ያ ዕውቀት ምን እንደሆነ መዘርዘር ይቻላል፦ የትኛው ቢርካ በየትኛው ወር ይደርቃል፣ የመኪና ጎማ በየትኛው አፈር ከዝናብ በኋላ ይሰምጣል፣ የሰው ግመል በየትኛው ምልክት ይታወቃል፣ መንጋ ያለ ወቅቱ ወደ ደቡብ ከዞረ ምን አስፈራው?

10. ዛሬ በሜዳው ላይ

ዛሬ የምሥራቁ የመከላከያ ኃይል በምሥራቅ ዕዝ ሥር ነው፤ ማዘዣውም እንደ ቀድሞው ሐረር ነው። በሶማሌ ክልል በ1999 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው ልዩ ፖሊስ ለዓመታት ዋናው የአካባቢ ታጣቂ ኃይል ነበር። በ2015 ዓ.ም. ፌዴራል መንግሥቱ የክልል ልዩ ኃይሎች ሁሉ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ሲወስን ያ አደረጃጀት ተዘጋ። ከታች የቀረው በየቀበሌው ያለው ሚሊሺያ ነው። መደበኛ ደመወዝ የለውም፣ ከብቱን እያገደ ወይም ሱቁን እየጠበቀ አካባቢውን ያያል። በተግባር የተጠባባቂ ቃኚነትን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

የሚታየውም ነገር ተለውጧል። ጅጅጋና አካባቢዋ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በሶማሊያ ጦርነት የተፈናቀለውን ሰው ተቀብለዋል። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር፤ የቀብሪበያ ጣቢያ በ1983 ዓ.ም. ተከፍቶ እስከ ዛሬ ስደተኛ ያኖራል። በኋላም አውበሬና ሸደር ተጨመሩ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ጠረፍ ማየት ማለት የኮንትሮባንድ መኪናን ከስደተኛ ቤተሰብ፣ የድርቅ ፍልሰትን ከታጣቂ እንቅስቃሴ መለየት ማለት ነው። ሰው አልባ አውሮፕላን ሁለቱንም ከሰማይ ያያል፤ ነገር ግን የሚሄደው ሰው ለምን እንደሚሄድ ከላይ አይታይም። መረጃው የሚገኘው በጉድጓዱ ዳር ሻይ ከሚጠጣው ሰው ነው፤ እሱም ለሚያምነው ብቻ ይነግራል።

ተቋሙን በሕግ ማቆም ከተፈለገ ካለፈው መቶ ሠላሳ ዓመት የሚወሰዱት ነጥቦች ብዙ አይደሉም። አባሉ በፈቃዱ ይመዝገብ፤ አፈሳ ቃኚ አያፈራም። የዓመት ልምምዱ ቀናት ይቆረጡ፣ አበሉም በጊዜው ይከፈል። ሲዘምት ከብቱን ማን እንደሚጠብቅለት፣ ሲጎዳ ቤተሰቡን ማን እንደሚረዳ አስቀድሞ ይጻፍ። ማዘዣው ለክልልም ለፌዴራልም በግልጽ ይለይ፤ ሁለት አለቃ ያለው ቃኚ ላንዱም አይናገርም። ከሁሉ በላይ የሚመለመለው በሜዳው ከሚኖረው ሕዝብ መካከል ይሁን። በጅጅጋ ሜዳ የተነሱት ጦሮች የወደቁት ባብዛኛው ሳያዩ አይደለም። ያየው ሰው የሚናገርበት ምክንያት ስላጣ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጦር ትልቁ ወጪም መኪናውና ሬዲዮው ሳይሆን ያንን ምክንያት ጠብቆ ማቆየት ነው።